የአባባ አውቶብስ መሰላል

ስልኩ ሲጮህ የጎረቤታችንን የሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጥኩ ነበር። በአንገት ላብ ያለቀውን ፊት ፈትቼ፣ ያላለቀውን ወደ ውጭ አዙሬ እሰፋለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። መርፌውን በከንፈሬ እንደያዝኩ ስልኩን አነሳሁት።

«የክሊሼ ሠሪው እህት ነዎት?» አለ አንድ ወንድ።

«እእ» አልኩ።

«መነጽር ሠሪው ነኝ። ወንድምዎ እኔ ጋ ነበሩ። ሌንስ እየቀያየርኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እያስነበብኳቸው ሳለ ሦስተኛው መስመር ላይ ዝም አሉ። ያልታያቸው መስሎኝ ሌላ ሌንስ አስገባሁላቸው። ከጎናችን ያለው ሐኪም ወዲያው መጥቶ ነበር። ልባቸው ነው አለ። ምንም ማድረግ አልተቻለም።»

መርፌውን ከአፌ አውጥቼ ኮሌታው ላይ ሰካሁት። ቀጥዬ የጠየቅኩት ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል።

«መነጽሩ ደረሰ?» አልኩት።

ሰውየው ደግ ነው። «አልደረሰም፣ እመቤት» አለኝ ረጋ ብሎ። «ገና እየለካን ነበር።»

አባባ በወዲያኛው ክፍል ሬዲዮ ይሰማሉ። «ማነው?» ብለው ጮኹ። ገብቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ነገሩን በሁለት ቃል ነገርኳቸው፤ ሦስተኛ ቃል ቢኖረኝ ኖሮ የምጨርሰው አይመስለኝም። ሬዲዮውን ለማጥፋት እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን ሳቱት፤ ደግመው ዘረጉ። አጠፉት።

«እሱ እኮ ልጅ ነው» አሉ።

ወንድሜ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ሰፈሩ የሚያውቀው በሙያው ነው። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፍ ለማተም ፎቶውን ወደ ብረት መለወጥ ያስፈልግ ነበር። ያ የብረት ሥዕል ክሊሼ ይባላል። ወንድሜ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፎቶውን በትልቅ ካሜራ ፊልም ላይ ያነሳል፤ ብርሃን የሚያጠነክረው ቅባት የተቀባ ብረት ላይ ፊልሙን አስተኝቶ መብራት ያበራበታል፤ ብርሃን ያገኘው ቅባት ይጠነክራል፣ ያላገኘው ይታጠባል። ከዚያ አሲድ ውስጥ ይከተዋል። አሲዱ ቅባት የሌለበትን እየበላ ሥዕሉን ያወጣዋል። ሥራው ሁሉ ያለው መቼ እንደሚወጣ በማወቅ ላይ ነው። ትንሽ ከቆየ ቀጭኑን መስመር ሁሉ ይበላዋል። በነሱ ክፍል ያ የደረሰበት ሰው «አስበላ» ይባላል። «አስበላ» የተባለ ሰው ለሳምንት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።

ወንድሜ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ አላስበላም። ይህን እሱ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ የነገረኝ ጓደኛው ለቃሚው ነው። ለቃሚው በዚያው ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ከሥራው ወጥቶም ይህ ስም አልተወውም። አፉ ፈጣን ነው። «የዚህ ሰው አፍንጫ ሰዓት ነው» ይለኝ ነበር። «እኛ ሰዓት እናያለን፣ እሱ አሸትቶ ‹በቃ› ይላል። በቃ ሲል በቅቷል።»

የክሊሼው ክፍል ሲዘጋ ካሜራው በኪሎ ተሸጠ። ጋሼ ወደ ቤት ያመጣው አንድ የመስታወት ማዕቀፍ፣ ጥቂት ጠርሙስና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስስ የነሐስ ሉሆች ነበሩ። አባባ ከአውቶብስ ሾፌርነት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ጋሼ አላገባም፤ እኔም አግብቼ ተመልሻለሁ። እናም በሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ሥራ የፈቱ ሁለት ወንዶችና አንድ የስፌት መኪና ቀረን። እኔ መኪናዬን ሳስጮህ አባባ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋሉ፤ አባባ ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርጉ ጋሼ በሩን ይዘጋል።

አንድ ቀን አባባ አንድ ፎቶ አውጥተው እያዩ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከነዱት አውቶብስ የቀረላቸው እሱ ብቻ ነው። አውቶብሱ እርሳቸው በወጡ ዓመት ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ሄዷል። ፎቶው ላይ አባባ እጃቸውን የፊት መብራቱ ላይ አሳርፈው ቆመዋል።

«ጥሩ አውቶብስ ነበር» አለ ጋሼ ከኋላቸው ቆሞ።

«አንተ በምን አወቅህ? ፊቱን ብቻ አይተህ!» አሉ አባባ። «ፊቱንማ ማንም ያያል። ተሳፋሪ እየሮጠ ሲመጣ የሚያየው ጀርባውን ነው። ያመለጠው ሰው ነው አውቶብስን የሚያውቅ።»

ጋሼ ሳቀ። ከዚያ ፎቶውን ተቀብሎ በማስመሪያ መለካት ጀመረ። «ቁመትዎ ስንት ነው፣ አባባ?»

«ምን ልታደርግበት ነው? ሳጥን ልታሠራ?»

«መለኪያ ላደርግዎት ነው። እርስዎን ካወቅኩ አውቶብሱን አውቃለሁ።»

«እንግዲህ በዕድሜዬ መጨረሻ ሜትር ሆንኩ» አሉ አባባ፤ ቁመታቸውን ግን ነገሩት።

ጋሼ የአባባን አውቶብስ በትንሹ ሊሠራላቸው ነበር፤ ሥራው እንዲህ ተጀመረ። አውቶብሱ የእውነተኛው አንድ ሃምሳኛ ነው፤ ከክንዴ ግማሽ አይበልጥም። ገላውን ከእንጨትና ከፕላስቲክ ሠራው። ቀጫጭኑን ነገር ግን እንጨትም ፕላስቲክም አይችለውም፤ የስፖኪዮ ክንድ፣ የፊት ወንፊት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የመስኮት ጠርዝ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ። እነዚህን ሁሉ እንደ ክሊሼው በነሐስ ሉህ ላይ በብርሃንና በአሲድ አወጣቸው። በትልቁ ይስላል፤ ማተሚያ ቤት የቀረ አንድ ወዳጁ ፊልም ላይ አሳንሶ ያወጣለታል። መብራቱ ስለሌለው ፀሐይ ይጠቀማል። እኩለ ቀን ላይ የመስታወት ማዕቀፉን ይዞ ግቢ ይወጣና ሰዓቱን እያየ ይቆማል። ደመና ባለፈ ቁጥር ይሳደባል፤ ከሱ አፍ ስድብ የሰማሁት ለደመና ብቻ ነው።

ከአሲዱ የሚወጣው ሉህ ወንፊት ይመስላል። ዕቃዎቹ ሁሉ በጣም በቀጫጭን እግር የሉሁን ማዕቀፍ ይዘው ተንጠልጥለዋል። አንድ በአንድ መስታወት ላይ አስተኝቶ በምላጭ ይቆርጣቸዋል። መታጠፍ ያለበት ቦታ ላይ አሲዱ ግማሹን ብቻ የበላው ጎድጓዳ መስመር አለ፤ ጎድጓዳው ወደ ውስጥ ሆኖ ነው የሚታጠፈው። ወደ ውጭ ካጠፉት ይሰነጠቃል። አጥፈው መልሰው ካቃኑትም ይሰበራል። ስለዚህ ከማጠፉ በፊት ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ያየዋል። ቡናማ የሆኑ ጣቶቹ ወረንጦውን ይዘው አየር ላይ ሲቆሙ እኔም መኪናዬን አቆማለሁ።

አንዳንዴ ወረንጦው ያፈተልክና «ጢን» የምትል ድምፅ ትሰማለች።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ይላል ጋሼ።

እኔ ድስት እንደያዝኩ እቆማለሁ። አባባ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። «ተይዘናል» ይላሉ። «ፈትሹን።»

ጋሼ የእጅ ባትሪውን መሬት ላይ በጎኑ ያስተኛዋል። ብርሃኑ ወለሉን ታክኮ ሲሄድ ከአሸዋ የማትበልጥ ነገር ረጅም ጥላ ይኖራታል፤ የሚፈልገው ጥላዋን ነው። እሱ «አገኘሁ» እስኪል ቤታችን ውስጥ መጥረጊያ አይነሳም። አንዴ ሦስት ቀን ሳይጠረግ ቆይቶ፣ የግራው ስፖኪዮ ክንድ የለቃሚው ካልሲ ላይ ተሰክቶ ከቤቱ ተመልሶ መጣ። «ሌባ!» ብለው አባባ በር ላይ ተቀበሉት። «አውቶብሴን በክፍል በክፍል ልትጨርሰው ነው?» ለቃሚውም «ተሳፋሪ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም፤ ዕቃዬን ረስቼ ወረድኩ» አለ።

የተሠራ ነገር ሁሉ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ሆኖ ወደ አባባ ወንበር ይሄዳል። ዓይናቸው ከኛ ሁሉ የተሻለ ነው። ያያሉ፣ ያዞራሉ፣ ጥፋት ያወጣሉ። «ወንፊቱ ሰባት ሳይሆን ዘጠኝ ጥርስ ነው።» «የስፖኪዮው ክንድ ይረዝማል፤ እኔ አንገቴን ሳላዞር ነበር የማየው።» «ይኼ መጥረጊያ ለታክሲ ነው።» ጋሼ በደብተር ይጽፍና እንደገና ይሠራል። «ጥሩ ነው» ብለው አያውቁም። ልጅ ሆነን ደብተራችንን ስናሳያቸውም አይሉም ነበር። ዝም ካሉ ጥሩ ነው ማለት እንደሆነ እናታችን ነበረች የምታስረዳን።

«ምን እንዲሉህ ነው የምትፈልገው ግን?» አልኩት አንድ ቀን።

«‹ይኼ የኔ አውቶብስ ነው› ካሉ ይበቃኛል» አለ። «አንዴ።»

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ የቀረው ጀርባው ነበር፤ በጀርባው ላይ ደግሞ ወደ ጣሪያ የሚያወጣው መሰላል። ፎቶው ላይ የለም። መሰላሉን የሚያውቁት አባባ ብቻ ናቸው።

«ስንት ደረጃ ነበረው?» አላቸው ጋሼ።

«ቆጥሬው አላውቅም።»

«በቀን ስንቴ ይወጡት ነበር?»

«ዕቃ በተጫነ ቁጥር፣ ዕቃ በወረደ ቁጥር። የሰው ፍራሽ በራሴ ይዤ የምወጣ ሰው ደረጃ ልቁጠር?» ከዚያ ከወንበራቸው ተነሱ። የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሰማንያ አራት ዓመት ሰው ቀኝ እግራቸውን አነሱ፣ አወረዱ፤ ግራውን አነሱ፣ አወረዱ። እጃቸው መቃኑ ላይ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ ይሄዳል። እኔ እንዳይወድቁ ከኋላ ቆሜያለሁ። ጋሼ እርሳሱን ይዞ እግራቸውን ያያል።

አንድ እግራቸው አየር ላይ ቆመ። «ይኼ ጎባጣ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የአንድ ነጋዴ ወፍጮ ወድቆበት መሃሉ ዝቅ ብሏል። ስንተኛው ነው?»

«አምስተኛው» አለ ጋሼ።

ሁለቴ ደግሞ አነሱ። «እዚህ ላይ ጫፉ ወደ ጣሪያው ይታጠፋል። ከዚህ በኋላ ዕቃ መጫኛው ነው።» ዓይናቸውን ገለጡ። ቤቱን አዩት። እንደ ሰው ቤት ነበር ያዩት።

«ሰባት» አለ ጋሼ። ደብተሩ ላይ ጻፈ። «አምስተኛው ጎባጣ።»

መሰላሉን እንደዚያው አወጣው። ስፋቱ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ያነሰ፣ ደረጃዎቹ የክር ያህል፣ አምስተኛው መሃሉ ላይ ዝቅ ያለ። ሁለት የአሲድ ቀን ፈጀበት። ከዚያ ጫፉ ጣሪያውን ተከትሎ ያለ ችግር እንዲታጠፍ ሉሁን በጋዝ እሳት ላይ አሳለፈው። ነሐስ ከሞቀ በኋላ ይለሰልሳል፤ መልኩ ግን ይጠቁራል፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ፣ እንደ ተቃጠለ መጥበሻ ይሆናል። እስኪበርድ መስኮቱ ሥር አስቀምጦት ሙጫ ሊገዛ ወጣ።

ያ ቀን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ እኔ ነሐስ እወለውላለሁ። የበሩ እጀታ፣ የእናቴ የሻማ መቅረዝ፣ የግድግዳው ሰዓት ክብ። ከልጅነቴ ጀምሮ የኔ ሥራ ነው። መወልወያውንና ጨርቁን ይዤ ስዞር መስኮቱ ሥር የጠቆረውን ሉህ አየሁት። እሳት ነክቶት ተበላሽቶበት የተወው መሰለኝ፤ ወይም ላስደስተው ፈለግሁ። ሁለቱንም አስቤያለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ መወለወል ጀመርኩ።

ጨርቁ ያዝ አደረገኝ። ቆሻሻ መሰለኝና ጠበቅ አድርጌ አሸሁት። ማብራት ጀመረ፤ ደስ አለኝ። ጨርቁን ሳነሳው መሰላሉ አብሮ ተነሳ። እንደ ዓሣ አጥንት ተጣምሞ የጨርቁ ክር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሦስቱ ደረጃዎች ወልቀዋል። አምስተኛው የትኛው እንደነበር መለየት አልቻልኩም።

ጋሼ ሲመለስ ጨርቁን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ አቆየሁት። አየው። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። እንደገና አየው።

«ታበራለች» አለ።

ግቢ ወጥቶ እጁን ታጠበ። እጁ ንጹህ ነበር። ሲመለስ እኔ እያለቀስኩ ነው።

«እታለም፣ ተይ እንጂ» አለኝ። «ሌላ ሉህ አለኝ። አንድ አለኝ።» ቀጥሎ «መወልወያው ግን ጥሩ ነው። ከየት ነው የገዛሽው?» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። አልሳቅኩም፤ እሱም አልሳቀም።

ምሳ ላይ አባባ ጠየቁ። «መሰላሉስ? ዛሬ አይደል የሚያልቀው?»

አፌን ልከፍት ስል ጋሼ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

«አስበላሁት» አለ።

«ምን አልክ?»

«አሲድ ውስጥ ረስቼው አስበላሁት፣ አባባ። እንደገና እሠራዋለሁ።»

አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ቃሉን ያውቁታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከልጃቸው ሲሰሙት ኖረዋል፣ ስለሌሎች ሰዎች። «አንተ?» አሉ። «አንተ አስበላህ?» ከዚያ ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። «እንግዲህ እጅህ ሄዷል።»

ወጥ ቤት ተከትዬው ገባሁ። «ለምን እንዲህ ትላለህ? ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺን ከተቆጡሽ እስከ ሌላ ቅዳሜ ድረስ ይቆጡሻል። ትታመሚያለሽ፣ አውቅሻለሁ። እኔን አንዴ ይናገሩኛል፣ ያልቃል።»

«ሙያህን ነው የሰደብከው እኮ።»

«ሙያው የት አለ?» አለ። «ካሜራው በኪሎ ተሸጧል። ተይው። መሰላሉ ሲያልቅ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ፤ ያኔ ያስቃቸዋል።»

ግን አንዴ ተናግረው አላለቀላቸውም። ሰው በመጣ ቁጥር ይናገሩታል። «ልጄ አውቶብሱን ጥሩ ይዞት ነበር፤ መሰላሉን አስበላብኝ።» ፀጉር ቆራጩ ሰማው፣ ጎረቤት ሰማው፣ ጋዝ የሚያመጣው ሰው ሳይቀር ሰማው። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ይሠራል። አንድ ቀን ለቃሚው ባለበት ተናገሩት። ለቃሚው ሳቀ።

«ይኼ ሰውዬ አያስበላም» አለ።

«ራሱ ነው የነገረኝ!» አሉ አባባ።

ለቃሚው ጋሼን አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ሁለተኛው ሉህ ሰባት ወር ወሰደ። የመጨረሻው ሉህ ስለሆነ ጋሼ እንደ ፈሪ ሰው ነበር የሚሠራው። ቅባቱ አርጅቷል፤ ሦስት ጊዜ ተላጠበትና ሦስት ጊዜ አጥቦ ቀባው። ዓይኑም ደክሟል። በሉሁ ፊትና ጀርባ የሚለጠፉት ሁለት ፊልሞች በልክ መግጠም አለባቸው፤ የፀጉር ያህል ከተዛነፉ ደረጃው ሁሉ ተሰንጥቆ ይወጣል። በመጨረሻ ለቃሚው በዓይኑ እየረዳው አገጣጠሙት። ፀሐይ ያለበት እኩለ ቀን ጠበቁ። አሲዱ ውስጥ ሲከተው እኔም አባባም ቆመን ነበር። ሰዓት አልያዘም። አንገቱን ደፍቶ አሸተተ፣ ቆየ፣ አሸተተ፣ «በቃ» አለ።

በቅቶ ነበር። ሰባት ደረጃ፣ አምስተኛው ጎባጣ፣ ጠርዙ ሁሉ ጥርት ያለ። አባባ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አላዩትም፤ ገና ማዕቀፉ ላይ ነበርና። «ሲቆም አየዋለሁ» አሉ።

ጋሼ ግን አልቆረጠውም። ምላጩን አንስቶ አስቀመጠው። «የመጨረሻውን ሉህ በግምት አልቆርጥም» አለ። «መጀመሪያ አዲስ መነጽር።»

ማክሰኞ ጠዋት ሸሚዝ ቀይሮ ወጣ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያስር «ነገሩን መቼ እንደምነግራቸው አሰብኩ» አልኩት። «መሰላሉ ሲቆም፣ እዚያው።»

«እኔም አለሁ» አለኝ። «የፊታቸውን መልክ ማየት አለብኝ።»

አባባ ከውስጥ «ዳር ዳሩን ሂድ!» ብለው ጮኹበት። ሾፌር ስለነበሩ ማንንም እንዲህ ነው የሚሸኙት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

ሐኪሙን በኋላ ጠይቄዋለሁ። እዚያ ባይሄድ ኖሮ ምን ነበር፣ ብዬ። «ልብ ነው፤ ቤትም ቢሆን ያው ነው» አለኝ። ይህን የሚለው ለሁሉም ሰው ይሆናል። እኔ ግን በየቀኑ መንገዱን ወደ ኋላ እሄድበታለሁ። መነጽር ቤት የሄደው ሉሁ የመጨረሻ ስለሆነ ነው፤ የመጨረሻ የሆነው ደግሞ የመጀመሪያው ስለጠፋ ነው። የመጀመሪያውን ማን እንዳጠፋው የምናውቀው ሁለት ነበርን። አሁን አንድ ነኝ። ለቃሚውን ከቆጠርኩት አንድ ተኩል።

ሰው ሲመጣ ሲሄድ ሰነበተ። ወንበር ከየጎረቤቱ ተለቅሞ መጣ። ሰው ከሄደ በኋላ ለቃሚው አንድ ቀን ብቻውን መጣና የጋሼ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠ። ሉሁ በሁለት ካርቶን መካከል ተቀምጧል። አወጣው። ወረንጦውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ የለቀምኩት ፊደል ነው» አለ። «ይኼ ክር ነው። ካበላሸሁት ደግሞ ሌላ የለም።» ሉሁን ወደ ካርቶኑ መለሰው። «አንቺስ? ቀጭን ነገር የለመደ እጅ ነው ያለሽ።»

«እኔ?» አልኩ።

አባባ ከወንበራቸው ሆነው ያዩን ነበር። ስልኩ ከጮኸበት ቀን ጀምሮ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ሬዲዮውንም ዝቅ አድርገው ነው የሚሰሙት። «ይኼኛው ጥሩ ወጥቶለት ነበር አይደል?» አሉት ለቃሚውን።

«በጣም ጥሩ፣ አባባ።»

«የመጀመሪያውን አስበላው እንጂ።» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ተናገርኩት። ለሰው ሁሉ ተናገርኩበት። እጁ ሄዶ ከሆነ ምን አደርጋለሁ ብዬ ነው እንጂ ላሳፍረው አልነበረም። እሱስ አፍሮ ይሆን?»

ለቃሚው ዞሮ አየኝ፤ ጠበቀኝ። ልናገር ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን የአባባን ፊት አየሁት። ሰባት ወር ሙሉ ባልሠራው ጥፋት ልጃቸውን በሰው ፊት እንደተናገሩት ልነግራቸው ነው። ይቅርታ የሚሉት ሰው የለም። «ውሃ ላምጣላችሁ» ብዬ ተነሳሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆውን ሞልቼ እስኪፈስ ድረስ ቆምኩ። ስመለስ ለቃሚው ኮፍያውን አድርጎ ተነስቷል።

«ካልነገርሻቸው» አለኝ በር ላይ፣ በቀስታ፣ «ያ ሰው እንዳስበላ ይቀራል።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ልንገራቸው?»

«አይ። እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

«መቼ?»

በሩን ከፈትኩለት። እሱም ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሄደ።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አልፏል። አውቶብሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አባባ ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ወደዚያ ያስጠጉታል። ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ወደ ራሳቸው አዙረው ነው የሚያስቀምጡት። ዕቃ መጫኛው ጣሪያው ላይ አለ፤ ወደዚያ የሚወጣበት ነገር የለም። አንዳንዴ ጣታቸውን ከታች ወደ ላይ በባዶው ቦታ ያስኬዳሉ፣ ቀስ ብለው፣ አምስተኛው ጋ ይቆማሉ። እኔ መኪናዬን አቆማለሁ። አሁን ልንገራቸው እላለሁ። ከዚያ ጣታቸውን ያነሳሉና ስለ ሌላ ነገር ይጠይቁኛል፤ ጋዙ አልቆ እንደሆነ፣ ውጭ ዝናብ እንደሆነ። እኔም የጠየቁኝን እመልሳለሁ።

መሰላሉ እስከ ዛሬ ከሉሁ አልተቆረጠም። አባባ አውቶብሱ የሳቸው ነው ብለው አልተናገሩም። የመጀመሪያውን መሰላል ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጋሼም በዕድሜው አንድም ቀን እንዳላስበላ አልነገርኳቸውም።